ሁለት መኪና የቆመበት ግቢ

ታናሽ ወንድሜ የአንሶላ ሾፌር ነው። እንዲህ ስል ሰው ይስቅብኛል፤ ግን ሥራው ሌላ ስም የለውም። ከልብስ ማጠቢያ ቤታችን ታጥቦና ተተኩሶ የወጣውን የሆቴል አንሶላ፣ የትራስ ልብስና ፎጣ በትልልቅ ቅርጫት ጭኖ ጠዋት ያደርሳል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የቆሸሸውን በከረጢት ሰብስቦ ያመጣል። ጎልማሳ ሆኖ ጀመረው፣ በዚሁ ሸበተ። ያኔ እኔም እዚያው ቤት ካውያ ላይ ነበርኩ። አሁን ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ቤት ውያለሁ፤ የእንፋሎቱ ሙቀት ግን እስከዛሬ ከፊቴ ላይ የጠፋ አይመስለኝም።

የማጠቢያ ቤቱ ባለቤት ድሮ ነርስ ስለነበሩ ሁላችንም ሲስተር እንላቸዋለን። መርፌ ከተዉ ስንት ዘመናቸው፤ ዓይናቸው ግን በሽተኛ እንደሚያይ ነው። የተተኮሰ አንሶላ ሲያገላብጡ ትኩሳት የሚለኩ ይመስላሉ። ክፉ ሴት አይደሉም። ማሽሟጠጥ ግን ይወዳሉ፤ ከሁሉ ደግሞ የሚያሽሟጥጡት ወንድሜን ነው፤ ስለሚወዱት።

ወንድሜ መኪና የተማረው በጆሮው ነው። ልጅ ሳለ የከባድ መኪና ረዳት ነበር። ሾፌሩ ሲደክመው መኪናዋን አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ጋደም ይልና፣ «ስማት፣ ድምፅዋ ከተለወጠ ቀስቅሰኝ» ይለው ነበር አሉ። እሱም ሌላው ረዳት ሲያንቀላፋ ጆሮውን እንዳቆመ ያድራል። ከዚያ ወዲህ እናት የልጇን ሳል እንደምትለይ፣ ሞተር ምን እንደነካው ሳይከፍት ይናገራል። እንግዳ ቤት ገብቶ እየተጫወተ፣ በመንገድ የሚያልፍ መኪና ከሰማ ወሬውን አቋርጦ፣ «ይኼ ሰውዬ የሞተሩን ችንጊያ ካልቀየረ ዛሬ አይገባም» ይላል። ሚስቱ ታፍራለች። እኔ ደስ ይለኛል።

አንሶላ የሚያመላልስባት አሮጌ የናፍጣ ቫን ነበረችው። አሮጊቷ ይላታል። አሮጊቷ ስትነሳ መጀመሪያ ታስላለች፣ ከዚያ ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያ ጥቁር ጭስ ትተፋና እንደ ምንም ትረጋጋለች። የሰፈሩ ሰው ልብስ የሚያሰጣው እሷ ከወጣች በኋላ ነው። የወንድሜ ሚስት ደግሞ፣ «ጣውንቴ ነቃች» ትላለች፣ ሞተሩ ሲነሳ። ሌላ ስም ሰጥታት አታውቅም።

አንድ ቀን ሲስተር አንድ አንሶላ ይዘው ካውያ ቤት ገቡ። ወንድሜ ቅርጫት ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ ነበር።

«ና እስቲ ወዲህ፣ ይኼን አሽትት።»

አፍንጫውን ቀበረበት። «ሳሙና ነው» አለ።

«ሳሙና? ላንተ ናፍጣ ሳሙና ሆኗል፣ አንተ ምን ታደርግ! ሆቴሉ መልሶልኝ ነው። እንግዳ አልጋው ውስጥ ገብቶ ነዳጅ ማደያ የተኛሁ መሰለኝ አለ አሉ።»

እኛ ሳቅን። ወንድሜ አልሳቀም።

«ሆቴሉ ሕጉን ቀይሯል» አሉ ሲስተር። «ከእንግዲህ ዕቃ የሚያመጣ ሁሉ ጭስ እንዲቀንስ ይፈልጋሉ። አሮጊቷን ጡረታ አስወጣት። አለዚያ በግድ ሌላ ሾፌር ልፈልግ ነው፤ እሱን ደግሞ አታሰኘኝ።»

ያን ጊዜ ነው የመኪና መምረጡ ጣጣ የጀመረው። ሰው መኪና የሚመርጠው እንደ ጫማ፣ ልኩን አይቶ ይመስለኝ ነበር። ወንድሜን ሳይ ነው እንዳልሆነ ያወቅኩት። መጀመሪያ አንድ ደህና የተያዘ የናፍጣ ቫን አይቶ ሊጨርስ ነበር። ጭሷም ትንሽ ናት፣ ድምፅዋም ይሰማል። የሆቴሉ ሰዎች፣ «የኤሌክትሪክ ለምን አትሞክርም?» ቢሉት፣ «እሱ የሀብታም መጫወቻ ነው» ብሎ አለፋቸው።

ጎረቤቱ ባለ ታክሲ ባይኖር ነገሩ በዚሁ ያልቅ ነበር። ይኼ ባለ ታክሲ አፉ ስለማይዘጋ ሬዲዮ ነው የሚሉት። በር ላይ ቆመን ስንጫወት ሬዲዮ የኤሌክትሪኩን ወሬ ሰማና በሳቅ ፈረሰ።

«አንተ? ኤሌክትሪክ? አንተ እኮ አምፖል ስትቀይር ጫማ ደርበህ ነው! መኪናዋን በእንጨት እየነካህ ልትነዳ ነው?»

ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እልህ ሲይዘው የግራ ጆሮው ይቀላል። ጆሮው ቀላ። ብዙም ሳይቆይ፣ ነጭ፣ አንድ ጭረት የሌለባት የኤሌክትሪክ ቫን እየነዳ ግቢው ገባ። እየነዳ አልኩ እንጂ፣ ሲገባ ማንም አልሰማውም። ሚስቱ በረንዳ ላይ ድንች እየላጠች ቀና ስትል መኪና ፊቷ ቆማለች። ቢላዋው ከእጇ ወደቀ።

«ምነው ሰውዬ! እንደ ሌባ ነው እንዴ የሚገባው?»

ለምን ይቺን እንደመረጠ ሲጠየቅ ለሁሉም የተለያየ መልስ ነበረው። ለሲስተር፣ «ለአየሩ ብዬ» አላቸው። ለሚስቱ፣ «ያሰጣሽው ልብስ እንዳይጠቁርብሽ» አላት። ለሬዲዮ፣ «አንተ ነዳጅ ተሰልፈህ ስትውል እኔ ተኝቼ እሞላለሁ» አለው። እውነቱን ለእኔ የነገረኝ ቆይቶ ነው። «እታለም፣ የዚያ ሬዲዮ ሳቅ ነው የገዛልኝ» አለኝ። እኔ ግን ሌሎቹንም መልሶች ውሸት አልላቸውም። ሰው አንድ ነገር በእልህ ያደርግና ኋላ ደህና ደህናውን ምክንያት እየፈለገ ያለብሰዋል፤ ትንሽ ሲቆይ ልብሱ ቆዳው ይሆናል። ወንድሜም ስለ አየር ሲያወራ መጀመሪያ ይንተባተብ ነበር፤ በኋላ ማንም ሳይጠይቀው ያወራ ጀመር። የሰፈሩ ልጆች መኪናዋን ሊያዩ ሲመጡ፣ «ዝም ብላ ስትሄድ እኮ ወፍ አትደነግጥም» ይላቸዋል። ሰዉም ለካ አከበረው። አሮጌውን ሰው ዘመናዊ ነው አሉት። ሙሽሪት ብለውም የመኪናዋን ስም አወጡላት።

ይኼ ክብር ነው ኋላ ምላሱን ያሰረው። ምክንያቱም ሙሽሪትን ይፈራት ነበር።

ፈራ ስል እንዳትነዝረኝ ብሎ አይደለም፤ እሱን ቶሎ ለመደው። የሚፈራው መንገድ ላይ እንዳታልቅበት ነው። መስታወቱ ሥር ያለችው የባትሪ ቁጥር ከግማሽ ዝቅ ስትል ፊቱ ይገረጣል። ብርድ ሆኖም ማሞቂያ አይከፍትም፤ መስታወቱ ሲያላብ በእጁ ይጠርጋል። ቅርጫት አውርዶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው ቁጥሯን ነው። ማታ ሲገባ ራቱን ሳያስብ ገመዱን ይሰካል። «ሕፃን እንደታቀፈች እናት አደረገችህ፣ ሳታጠባት አትቀመጥም» ትለዋለች ሚስቱ። ከማጠቢያ ቤቱ እስከ ሆቴሉ ደርሶ መልስ ከዚያች ባትሪ የሚበላው ትንሽ ነው፤ ይኼን እሱም ያውቃል። ማወቅና ማመን ግን የተለያዩ ናቸው። ዕድሜ ልኩን በጆሮው ያመነ ሰው በቁጥር እመን ቢሉት ከየት ያምጣው?

ለሰው ደግሞ መናገር አይችልም። ሬዲዮ ሰምቶ! ይሉኝታ ያዘውና ለብቻው ይሰጋል።

አሮጊቷስ? አሮጊቷ አልተሸጠችም። «ገዢ ይመጣል» ይላል። ወር አለፈ፣ ክረምት ገባ፣ ገዢ ይመጣል። ግቢው ጠባብ ስለሆነ ሁለቱ መኪኖች ኋላና ኋላቸውን ገጥመው፣ እንደ ተኳረፉ ሰዎች ነው የቆሙት። አንዷ ወደ በሩ ታያለች፣ አንዷ ወደ ግድግዳው።

ሙሽሪት ከመጣች በኋላ ሆቴሉ ለጥቂት ጊዜ ደስ ብሎት ሰነበተ። ከዚያ አንድ ጠዋት አንሶላ ተመለሰ። ሲስተር አሸተቱት። ናፍጣ።

እኔ እዚያው ነበርኩ። አላመንኩም፤ ተቀብዬ ወደ አፍንጫዬ ወሰድኩት። እኛ ቤት ውስጥ በረኪናውና ሳሙናው አፍንጫ ያደነዝዛል፤ ግቢ ወጥቼ ሳሸተው ግን እውነት ነው፣ ስስ ብሎ አለ። ሲስተር ወንድሜን ጠሩት።

«በየትኛዋ ነው ያደረስከው?»

«በሙሽሪት ነዋ!»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሲስተር፣ ምን ማለትዎ ነው?»

«ማለቴማ ግልጽ ነው። ይቺን ለሰው ማሳያ አቁመህ በአሮጊቷ የምታመላልስ መስሎኛል። ፈርተህ ሊሆን ይችላል፤ ፈርቼ ነው በለኝና እንነጋገር። ግን አትዋሸኝ።»

ወንድሜ ደነገጠ። ቀጥሎ ተቆጣ። እናቴ ትሙት ሊል አፉን ከፈተና እኔን አየ፤ እናታችን ከሞተች ቆይታለች፤ አፉን ዘጋው። «ልጆቼን አያሳየኝ፣ አሮጊቷ ከግቢ ወጥታ አታውቅም!» አለ።

«ታዲያ ኤሌክትሪክ ናፍጣ ይሸታል?»

ሌሎቹ ሴቶች ካውያቸውን እንደያዙ አቀርቅረው ይሰማሉ። ሲስተር ዞር አሉና ቀስ ብለው፣ «አንሶላ ቢሸት ይታጠባል። የሚዋሸኝን ሰው ግን የማጠቢያ ቤቴን ቁልፍ አላስይዘውም» አሉ።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ደረሰ። የወንድሜ ኑሮ ያ ቁልፍ ነው። በዚያ ዕድሜው ማን ሾፌር ብሎ ይቀጥረዋል? ከዚያም በላይ ውሸታም መባሉ አቃጠለው። ወንድሜ ብዙ ጉድለት አለው፤ ግትር ነው፣ ኩራተኛ ነው፤ ውሸት ግን አይሆንለትም። ዋሽቶ እንኳ ገዢ ይመጣል ሲል መሬት መሬት ነው የሚያየው። በዚያ ሰሞን ጠበንጃ እንደያዘ ዘበኛ ሙሽሪትን ዙሪያዋን እየተመላለሰ ያሸት ነበር። ምንም አይሸተውም። አንሶላው ግን እየተመለሰ መጣ።

በመጨረሻ ሲስተር ወደ እኔ መጡ። «ነገ ጠዋት፣ ከመውጣቱ በፊት ቤቱ እሄዳለሁ። አብረሽኝ ትሄጃለሽ። ኋላ በእህቱ ፊት አልነበረም እንዳይለኝ።»

«ሲስተር፣ ወንድሜ አይዋሽም።»

«አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው የጨነቀኝ።»

ስንሄድ ገና ጀንበር ወጥታ ጣራዎቹን ትነካ ነበር። ሰዉ ከየቤቱ እየወጣ ነው። ሲስተር በአንድ እጃቸው ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው ፈጠን ፈጠን ይላሉ። በሩ ጋ ሳንደርስ የአሮጊቷን ሳል ሰማሁ! ከሩቅ ነው የማውቃት። ሲስተርም ሰሙ። ቆም ብለው አዩኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ቢጠይቁኝ ምን እመልስ ነበር?

የወንድሜ ሚስት ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች በሩን ከፈተችልን። «ውይ ሲስተር! እትዬ! በደህና ነው?»

ግቢው ጭስ ነው። ወንድሜ የአሮጊቷ መሪ ላይ ተቀምጧል። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ሲስተር በጃንጥላቸው የመኪናዋን በር ኳ ኳ አደረጉ። ዓይኑን ሲገልጥ እንዴት እንደዘለለ! ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ወረደ።

«ደህና አደርክ» አሉት። «ወዴት ነው ጉዞው?»

«የትም!»

«ሞተር አስነስቶ የትም?»

«የትም አልሄድም ሲስተር። ዝም ብዬ ነው የማስነሳት። እንዳትደርቅ… ተኝታ እንዳትቀር ብዬ ነው።»

«ዝም ብለህ!»

«እውነቱን ነው ሲስተር» አለች ሚስቱ ከኋላ። «በየቀኑ ነው። ከእኔ ጋር እንዴት አደርሽ ሳይባባል ከእሷ ጋር ሲሳሳል ነው የሚያረፍደው። ከዚያ ያጠፋትና በሙሽሪት ይሄዳል። ለባሌ ጥብቅና አልቆምም፤ ግን በአሮጊቷ አይሄድም። ብትሄድማ ግልግሌ ነበር፣ ምናልባት ሳትመለስ ትቀር ይሆናል።»

ሲስተር አልሳቁም። እሳቸው የሚያዩት ሌላ ነገር ነው። ዓይናቸው ጭሱን ተከትሎ ይሄዳል። እኔም ተከተልኩ። ጭሱ ከአሮጊቷ ኋላ ቦለል ብሎ ወጥቶ ወዲያ ወዲህ አላለም። ሙሽሪት ከኋላዋ ነው የቆመችው፤ የኋላ በሯ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ውስጧ የአንሶላ ቅርጫቶቻችን፣ በነጭ ጨርቅ የተለበጡት፣ አፋቸውን ከፍተው ተደርድረዋል። ጭሱ ቀጥ ብሎ እዚያ ገባ። ቤቱ እንደሆነ ሰው።

«በሩ ለምን ተከፈተ?» አሉ ሲስተር።

«ላናፍሳት ነዋ! እርስዎ አይደሉ እንዴ ያዘዙኝ? የቆሸሸው ከረጢት ሽታ ስለሚያድርባት፣ ጠዋት ጠዋት…» አለና መሐል ላይ ቀረ። ሲስተር በጃንጥላው ጫፍ ወደ ጭሱ አመለከቱት። ወንድሜ ዞረ። ጭሱን አየ። ቅርጫቶቹን አየ። ደግሞ ጭሱን አየ።

«አጥፋት» አሉት።

አጠፋት። ግቢው ጭር አለ።

እኔ ቅርጫቱ ጋ ሄጄ የተለበጠበትን ጨርቅ አሸተትኩ። ዕድሜዬን የተኮስኩ ሴት ነኝና ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ከካውያ የወጣ ትኩስ አንሶላ እንደ ጠማው ሰው ነው፤ ያገኘውን ሽታ ይጠጣል። እኛ አጣጥፈን በሙቁ እዚህ ቅርጫት ውስጥ እንከተዋለን፤ ቅርጫቱ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ናፍጣ ሲታጠን ያረፍዳል። ጭስ የሌላት መኪና የሌላይቱን ጭስ ተሸክማ ሆቴል ድረስ ታደርሳለች።

ወንድሜ የአሮጊቷ መርገጫ ላይ ቁጭ አለ። ሲስተር አንድ ባዶ ሳጥን ገልብጠው እፊቱ ተቀመጡ፤ በሽተኛ አልጋ አጠገብ እንደሚቀመጡት።

«ውሸታም ስላልኩህ ይቅርታ» አሉት። «አይደለህም። አሁን ግን ንገረኝ። ይቺ አዲሷ መንገድ ላይ ጥላህ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«አሮጊቷስ?»

ሳያስበው ሳቀ። «እሷማ…»

«ድልድዩ ላይ!» አለች ሚስቱ። «የእህቴ ልጅ ሠርግ ቀን! ሆቴሉ በር ላይ እንኳ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ እኔ ነኝ የገፋሁ!»

«ታዲያ?» አሉ ሲስተር። «አንድ ቀን ያልከዳችህን ትፈራለህ፣ ስትከዳህ የኖረችውን ታቅፈህ ትቀመጣለህ። ምን ይሉታል?»

ወንድሜ እጁን አሻሸ። ለመናገር ሲያስብ እንደዚያ ነው፤ ከመዳፉ ላይ ቃል የሚፈልቅ ይመስል። እኔና ሚስቱ እንዳለን የረሳ መሰለኝ።

«አሮጊቷ እኮ ሲያማት ትናገራለች» አለ። «ሳይብስባት በፊት እሰማታለሁ። ብትቆምም ለምን እንደቆመች አውቃለሁ፤ ወርጄ የነካካሁትን ነካክቼ አስነሳታለሁ። ይቺኛዋ ዝም ናት። ደህና ስትሆን ዝም፣ ልታልቅ ስትል ዝም። ቁጥር ብቻ። ቁጥር ደግሞ አያስልም፣ ሲስተር። አንድ ቀን አንሶላ እንደጫንኩ መሐል መንገድ ብትቀርብኝ ምን አደርጋለሁ? መክፈቻ ይዤ ሥሯ ብገባ ምን አገኛለሁ? ሾፌር ነኝ ብዬ እንደ ተሳፋሪ ቆሜ ሰው ልጠብቅ ነው? ያን ቀን አሮጊቷ ተነስታ ካልጠበቀችኝ…» ቀሪውን ዋጠው።

ይኼን ሁሉ ጊዜ ለእኔ እንኳ አልነገረኝም ነበር። ሚስቱም አልሰማችም መሰለኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለው ጠፋት።

ሲስተር ራሳቸውን ነቀነቁ። «ገባኝ» አሉ። «ፍርሃትህን ላድንልህ አልችልም። አንሶላዬ ግን ይሸታል።»

«የኋላ በሯን ብዘጋውስ?»

ሲስተር ያመነቱ መሰለኝ። እዚህ ላይ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ ለወንድሜ የሚያዋጣው እሱ ነው። ግን አንሶላውን የምተኩሰው እኔ ነኝ። «ወንድምዓለም፣ ኮትህም ይሸታል» አልኩት። «እጅህም። ቅርጫቱን ደረትህ ላይ ደግፈህ አይደል የምታነሳው?» ኮቱን ወደ አፍንጫው ወሰደ። አልሸተተውም፤ ናፍጣ ለእሱ አየር ነው። ግን አመነኝ። አየኝ እንጂ አልተቆጣም።

«እንግዲህ ወይ አሮጊቷ ከዚህ ግቢ ትወጣለች፣ ወይ ቁልፉን ትመልስልኛለህ» አሉ ሲስተር እየተነሱ። «ሁለቱንም የማልፈልገው እኔ ነኝ። ግን ሌላ መንገድ ካለ አሳየኝ።»

«እሸጣታለሁ እኮ እያልኩ ነው፤ ገዢ ካልመጣ…»

«ገዢማ መጥቶ ነበር!» አለች ሚስቱ፣ ምላሷ ተመለሰላት። «በር ላይ መለስከው! አትሆንህም አልከው፤ ልጁን እንደሚድር አባት!»

ወንድሜ መሬት መሬት አየ።

ያንኑ ሳምንት ሰውዬው ተመልሶ ተጠራ። አሮጌ መኪና እየገዛ ዕቃዋን ፈታትቶ የሚሸጥ ወጣት ነው። ወንድሜ ማስጎተት አልፈለገም፤ ራሴ ነድቼ አደርሳታለሁ አለ። ሬዲዮ ሊመልሰን በታክሲው ከኋላ ተከተለ፤ እኔም ሬዲዮ ጎን ተቀምጬ ሄድኩ። ጭሷን እየበላን ከተማውን አቋረጥን። ሬዲዮ መስኮቱን ዘግቶ እየሳለ፣ «ለመጨረሻ ጊዜ ነው፣ ትሳልብን እስቲ» አለ።

እዚያ ስንደርስ ወንድሜ ቁልፉን ሰጠው፤ ግን አለቀቀውም። ሁለቱም እንደያዙት፣ «ጠዋት ስትነሳ አታስቸኩላት፤ መጀመሪያ ታስላለች፣ እሱ ልማዷ ነው። ዳገት ላይ ከጮኸች ግራ ጎኗን አድምጥ። ሙቀት ሲሆን ደግሞ…»

ወጣቱ በትዕግሥት ሰማው፣ ከዚያ እንዳያስቀይመው ቀስ ብሎ፣ «አባባ፣ እኔ ላፈርሳት ነው የገዛኋት» አለው።

«አዎ» አለ ወንድሜ። «አዎ። ልክ ነህ።» ቁልፉን ለቀቀ።

ስንመለስ ሬዲዮ ያን ቀን ጠፍቶ ዋለ፤ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። በር ላይ ሲያወርደን ብቻ፣ «ያቺ ሙሽሪት፣ እውነት ግን፣ ከቻርጅ ቻርጅ ሩቅ ትወስዳለች?» ብሎ ጠየቀው። እኔ፣ በል እንግዲህ ዘመናዊነቱን ሊያወራ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ወንድሜ፣ «ትወስዳለች። እኔ ነኝ የማልወስዳት» አለውና ወደ ቤት ገባ።

በማግስቱ ቅርጫቶቹን በበረኪና ዘፈዘፍናቸው፤ የተለበጡበትን ጨርቅ ቀየርን። ሚስቱ ኮቱን ሳትነግረው አጠበችው። ከዚያ እኔ የሞላሁትን የመጀመሪያውን ቅርጫት ደፋ ቀና ብዬ አጣጥፌ አስቀመጥኩለት። ሲስተር ወረቀታቸውን እያዩ ጠረጴዛቸው ጋ ነበሩ። ወንድሜ ቅርጫቱን አላነሳም።

«አያሸቱትም ሲስተር?»

«ማሽተቱን ላንተ ትቼዋለሁ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ወንድሜ ከላይ ያለውን አንሶላ አነሳ። ገና ትኩስ ነው። ፊቱን ሙሉ ቀበረበትና ቆየ፣ ሰው ሲያለቅስ እንደሚቆየው፤ አላለቀሰም ግን። ሲያወጣው ፊቱ በእንፋሎቱ ቀልቶ ነበር።

«እህስ?» አልኩት።

«ምንም አይሸትም» አለ። አንድ ነገር እንደጠፋበት ሰው ነው ያለው።

«እንግዲያው ጫን» አሉ ሲስተር።

አንሶላውን መልሶ አጣጥፎ፣ ጠርዙን ከጠርዙ አስተካክሎ አስቀመጠ፤ ቅርጫቱን ደረቱ ላይ ደግፎ ወጣ። ካውያዬን አንስቼ ቆየሁ፣ ሲሄድ እሰማለሁ ብዬ። ምንም አልሰማሁም። በመስኮት ስመለከት ሙሽሪት የቆመችበት ቦታ ባዶ ነበር።